ለወገኑ ቤት የነደፈው ስደተኛ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



  የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ መጀመሪያ ሲጠራኝ ሰው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። እኔ ተናጋሪ አይደለሁም፤ ሥራዬ መንዳት ነው። ታክሲ ነጂ ጨዋታ ቢያውቅም ጨዋታው ተሳፋሪው መውረጃው እስኪደርስ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ሜትሩን አጥፍቼ፣ ሂሳብ ሳልጠይቅ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ ነው። ሰውየው ስዊድናዊ ነው፤ የዚህች የሲያትል ከተማ ነዋሪ የነበረ አርክቴክት ነው። ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎታል።

«በኢትዮጵያውያን በዓል ላይ የስዊድን ሰው ምን አመጣው?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ወደኛው ጉዳይ የሚያደርሰን መንገድ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዝናባማ ማለዳ ከሲታክ ኤርፖርት ባሳፈርኳቸው ሴትዮ ነው። በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ናቸው። ሻንጣቸውን ጭኜ «ደህና አደሩ፣ ወዴት ነን?» ብላቸው ዝም። ደግሜ ጠየቅኋቸው፣ አሁንም ዝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሆዴ ተቆጣሁ። ሰላምታ ለመመለስ የናቁኝ መሰለኝ። ሴትዮዋ ግን ስልካቸውን አውጥተው አድራሻውን ጽፈው አሳዩኝ፤ ቀጥለውም ጆሮአቸውን በጣታቸው ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት እናንተው ገምቱት። እኛ ስደተኞች በአነጋገራችን ምክንያት ሰው ሲንቀን እንቆጣለን፤ እኔ ደግሞ አለመናገራቸውን እንደ ንቀት ቆጠርኩባቸው።

ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ዝናቡ በርትቶ ስለነበር እስኪያባራ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን በጽሑፍ ተጨዋወትን። አገሬን ጠየቁኝ፤ ጻፍኩላቸው። ከመንዳት በፊት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። «አዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ሦስት ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነበርኩ፤ ኮሌጁን ያቋቋሙት ስዊድኖች ከእኛ መንግሥት ጋር ሆነው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ አንብበው ፈገግ አሉና እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «እንግዲያው የአገራችንን የመጀመሪያ መስማት የተሳነው አርክቴክት ማወቅ አለብህ። ስዊድን ተወለደ፣ እዚህ ከተማ ኖረ። ስሙ ኦሎፍ ሃንሰን ይባላል።»

ያን ሳምንት በዕረፍት ቀኔ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ነው አሁን የማካፍላችሁ። የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኦሎፍ ሃንሰን በ1862 ዓ.ም. በደቡብ ስዊድን ስኮኔ በሚባለው አገር ፊየልኪንጌ በተባለ መንደር ተወለደ። በዚያ ዘመን ስዊድን እንደዛሬው የሀብታም አገር አልነበረችም። ድርቅና ረሀብ እየገፋው ሕዝቡ በመርከብ ወደ አሜሪካ ይጎርፍ ነበር። የሃንሰን ቤተ ሰቦችም በ1875 ሚኒሶታ ገቡ። ልጁ ገና እንግሊዝኛ ሳይለምድ፣ በ13 ዓመቱ ገደማ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደክሞ የነበረው ጆሮው ጨርሶ መስማት ተወው።

እስቲ አስቡት። እኛ ስንመጣ ቢያንስ ቋንቋውን በጆሯችን እየሰማን፣ በቴሌቪዥንና በሥራ ቦታ እየቃረምን ነው የለመድነው። እሱ ግን አዲሱን አገር የጀመረው በዝምታ ነው። ቢሆንም በ1878 በፋሪቦ ከተማ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገባና እዚያ ሁለት ቋንቋ ተማረ፤ አንደኛው የእጅ ምልክት፣ ሁለተኛው በዓይን የሚነበበው እንግሊዝኛ። ከዚያ በዋሽንግተን ዲሲ ወደሚገኘውና ዛሬ ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ኮሌጅ አልፎ በ1886 ተመረቀ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንድ አርክቴክት ቢሮ ንድፍ እየሠራ ሙያውን ለመደ። በ1889 እና በ1890 አውሮፓን እየዞረ የታወቁትን ሕንፃዎች በዓይኑ አየ። ተመልሶም በፊላደልፊያ ለመስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በተሠራው ትልቅ ትምህርት ቤት ንድፍ ላይ ሠራ። በ1895 ፋሪቦ ላይ የራሱን ቢሮ ከፈተ።

«ይህ ሰው ከባለጉዳይና ከግንበኛ ጋር እንዴት ይግባባ ነበር?» ትሉ ይሆናል። በወረቀትና በእርሳስ ነው። እኔና ሴትዮዋ በስልክ እንደተጻጻፍነው ማለት ነው። እንዲያውም ለአርክቴክት ሥዕል ራሱ ቋንቋ ነው። የግድግዳውን ውፍረትና የመስኮቱን ቁመት አፍ ከሚናገረው ይልቅ እርሳስ አጥርቶ ያሳየዋል። ልደታ ሳለን አስተማሪዎቻችን ይህንኑ ነበር የሚነግሩን፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ታክሲ ውስጥ ነው።

በ1899 አጋታ ቲገልን አገባ። ስለ እሷ ሳልናገር ባልፍ እህቶቼ ይቀየሙኛል። አጋታ በሰባት ዓመቷ በሕመም መስማት የተሳናት፣ አንድ ዓይኗም የጠፋ ሴት ነበረች። ኮሌጁ ሴቶችን ለሙከራ ያህል ብሎ መቀበል ሲጀምር ገብታ በ1893 በባችለር ኦፍ አርትስ ዲግሪ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በምረቃው ቀን ቆማ የተናገረችው ስለ ሴት ልጅ አእምሮ ነው፤ ሴት ከወንድ የምታንሰው በተፈጥሮዋ ሳይሆን ዕድል ስለምትነፈግ መሆኑን አስረዳች። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በእነዚህ አሥር ዓመታት በየበዓሉ ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ሲሠሩ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሲያስተናግዱ፣ ማለዳ አዳራሹን ሲጠርጉ የኖሩት እህቶቻችን ናቸው። ከኮሚቴያችን ወንበሮች ስንቱ ላይ ተቀምጠዋል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ባልና ሚስቱ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሲያትል መጡ። ከተማዋ የምትሠራበት ዘመን ነበር። ወደ አላስካ የሚሄደው ወርቅ ፈላጊ ሁሉ በዚህ ያልፋል፤ ኮረብታው ይቆረሳል፣ መንገዱ ይዘረጋል፣ ቤቱ ይሠራል። ስዊድኖችና ኖርዌዮች በባላርድ በኩል በእንጨት መሰንጠቂያውና በዓሣ ሥራው ተሰማርተው ነበር። የስዊድኖቹ ክበብ በ1892 ተቋቁሟል። በ1908 ደግሞ ጥቂት ስዊድናውያን ከአንድ ሐኪም ጋር ሆነው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ዛሬ ሁላችንም ስዊድሽ እያልን የምንጠራውን ሆስፒታል መሠረቱ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የወለድነው እዚያ ነው። እዚያ በር ላይ ስንቱን በሽተኛ አውርጄ ስንቱን አራስ ወደ ቤት እንደመለስኩ አልቆጥረውም። ስሙን ግን አሥር ሺህ ጊዜ ሳነብ፣ የስደተኞች መዋጮ የሠራው ቤት መሆኑን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሃንሰን ሲያትል ውስጥ ከአንድ ሸሪክ ጋር ቢሮ ከፍቶ መኖሪያ ቤቶችንና ሌሎች ሕንፃዎችን ነደፈ። ሥራው ግን ሁልጊዜ የቀና አልነበረም። የግንባታው ገበያ ሲቀዘቅዝ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ሠርቷል። የራሱ ቢሮ የነበረው ሰው ተመልሶ ተቀጣሪ ሆነ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ መምህር የነበረ መኪና ጠባቂ አለ፤ ነርስ የነበረች ጽዳት ሠራተኛ አለች፤ የሒሳብ ሰው የነበረ የኤርፖርት ጫኝ አለ። ሃንሰን ግን ሥራው ዝቅ ሲል እሱ አብሮ ዝቅ አላለም። የወገኑን ጉዳይ መከታተል አላቆመም።

የወገኑ ጉዳይ ምን ነበር? በዚያን ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ጨርሶ አለመስማትን ለሲቪል ሰርቪስ ሥራ ከማያበቁ ጉድለቶች ተርታ አስገብቶት ነበር። መስማት የተሳነው ሰው ምንም ያህል ቢማር ለመንግሥት ሥራ ፈተና እንኳ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። ሃንሰን ከዚህ ከሲያትል ሆኖ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጻፈ። ጓደኞቹም በየክፍለ ሀገሩ ጻፉ፣ ተከራከሩ። በታኅሣሥ 1908 ፕሬዚዳንቱ ክልከላውን አነሱት። ከዚያም ከ1910 እስከ 1913 ሃንሰን የአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። ድምፅ የሌለው የተባለ ሰው በደብዳቤ ድምፁን አሰማ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስኩ። ሃንሰን በሕይወቱ ብዙ ሕንፃዎችን ነድፏል፤ በሰሜን ዳኮታ ዴቭልስ ሌክ የሚገኘውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ጨምሮ። ከሁሉም ልቤን የነካው ግን በሚኒሶታ ሴንት ፖል ከተማ ማርሻል ጎዳና ላይ ያለው ቤት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ቻርልስ ቶምፕሰን የሚባል የባንክ ባለቤት ልጅ ነበር፤ እሱም መስማት የተሳነው። ሀብቱን ይዞ ብቻውን አልተቀመጠም፤ ቤቱ ለመሰሎቹ ሁሉ መሰብሰቢያ ነበር። በ1915 ሲሞት ባለቤቱ ማርጋሬት «ሰዎቹ እንግዲህ የት ይሰበሰባሉ?» ብላ አሰበች። ሐውልት ከማቆም ይልቅ ቤት ልትሠራላቸው ወሰነች። ንድፉንም እንዲሠራ የጠራችው የሲያትሉን ሰው፣ ኦሎፍ ሃንሰንን ነበር። ቤቱ በ1916 ተመረቀ።

አሠራሩ የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን ፈለግ የሚከተለው፣ ክላሲካል የሚባለው ነው። በትምህርት ቤት እንደተማርነው የዚህ አሠራር መሠረቱ ሚዛን ነው። ግራውና ቀኙ ይመዛዘናል፣ መስኮቱ በሥርዓት ይሰለፋል፣ በሩ የት እንዳለ እንግዳ ሳይጠይቅ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነበር። ሃንሰን ይህንኑ ልብስ ለወገኖቹ አለበሳቸው። «ደንቆሮ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሰው፣ ከባንክና ከፍርድ ቤት እኩል ባማረ ደጅ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲገባ አደረገው። እኔ በበኩሌ የክላሲካል አሠራር ጥቅሙ የገባኝ ያኔ ነው።

ውስጡ ደግሞ ለሚጠቀሙበት ሰዎች የታሰበ ነው። በምልክት የሚነጋገር ሰው ብርሃን ይፈልጋል፤ ጨለማ ለእነሱ አፍ እንደመታፈን ነው። ስለዚህ መስኮቶቹ ሰፋፊ ሆነው አዳራሹ ብርሃን የሞላበት ሆነ። አንዱ የሌላውን እጅ ከሩቅ ማየት አለበት፤ ስለዚህ መሰብሰቢያው ሰፊና ገላጣ ሆነ። ማርጋሬትም ቤቱን ሠርታ ብቻ አልተወችም፤ ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ በአደራ አስቀመጠች። ይህችን ነጥብ በተለይ የገንዘብ ያዣችን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም የባለቤቶቹ ነው፤ ዛሬም እዚያ ይሰበሰባሉ። በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ሃንሰን በስተርጅናው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን፣ በኋላም በ1929 ቄስ ሆኖ መስማት የተሳናቸውን ምእመናን አገለገለ። በመስከረም 1933 እዚሁ ሲያትል ዐረፈ። አጋታ እስከ 1959 ኖረች።

ውድ የማኅበራችን አባላት፤

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። እኛ አሥር ዓመት ሆነን። በእነዚህ አሥር ዓመታት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተውሰናል፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይተናል፣ በሬስቶራንት ጓሮ ተሰብስበናል። ከአንዱ አዳራሽ «የበርበሬው ሽታ አልለቀቀም» ተብለን ሁለተኛ እንዳንመጣ ተነገረን። በሌላው ደግሞ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሰዓታችሁ አልቋል ተብለን፣ ሐዘንተኛዋን እናት ደግፈን በዝናብ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣን። እንባችንን በሰዓት ተከራይተን ማልቀስ እስከ መቼ ነው?

የቤት መግዣው ሐሳብ ከተነሳ ስድስት ዓመት አልፎታል። በዚያ ምክንያት ምን ያህል እንደተከራከርን ታውቃላችሁ። ገሚሱ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ ያለችውን ገንዘብ እንጠብቅ» አለ። ይህ አባባል ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሲያትል ቤት ዋጋ በየዓመቱ ወዴት እንደሚወጣ እናያለን። ሌላው ደግሞ «ዛሬውኑ እንግዛ» አለ። እኔ የት ነበርኩ? እኔ ሦስተኛው ወገን ነበርኩ፤ ተቆጥቶ የሄደው። በአንድ ስብሰባ ላይ የሰጠሁት ሐሳብ ስላልተደመጠ ሁለት ዓመት ሙሉ ወርኃዊ መዋጮዬን አልከፈልኩም። «ታክሲ ነጂ ስለ ሕንፃ ምን ያውቃል» ያለኝ ሰው ነበር። ያ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ። የባሰው ግን እኔም አምኜው ነበር። ከልደታ ያመጣኋትን የንድፍ መሣሪያ ሣጥን ከአልጋ ሥር አስገብቼ ሃያ ዓመት አልከፈትኳትም።

የሃንሰንን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ሣጥኗን ከፈትኳት። ኮምፓሱ ዝጓል፣ ማስመሪያው ግን ደህና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከመካከላችን መስማት የተሳነው ልጅ ያለው ቤተ ሰብ አለ። ስማቸውን አልጠራም። ድሮ ከበዓል የማይቀሩ ነበሩ፤ አሁን ግን መምጣት ከተዉ ቆይተዋል። ሄጄ ጠየቅኋቸው። እናትየው «ልጄ እዚያ ሦስት ሰዓት ግድግዳ እያየ ከሚቀመጥ ቤት ይሻለዋል» አለችኝ። እናንተ፣ ይህ የኛ ጥፋት ነው። አገራችን እንኳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። እኛ አሜሪካ ተቀምጠን፣ አስተርጓሚ በሚገኝበት ከተማ፣ አንድ ልጅ ሰላም የምንልበትን ምልክት አልተማርንም። እኔ አሁን ሰላምታውን ተምሬአለሁ። በዕረፍቱ ሰዓት ለሚፈልግ ሁሉ አሳያለሁ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በልጅነታችን በየገጠሩ ስዊድኖች በእርዳታ ያሠሯቸውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እርዳታ ቢሆንም የአገሩ ሰው ገንዘቡንም ጉልበቱንም ያዋጣ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ከእኛ ባነሰ አቅም ቤት ሠርተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ ቤት አጥኚ ኮሚቴ ዛሬ ይመረጥ፤ ከአባላቱ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ወጥ ቤቱ የት መሆን እንዳለበት የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለግዢ፣ አንዱ ለጥገና። ጣሪያው ሲያፈስ እንደገና የምንጣላ ከሆነ ባንገዛው ይሻላል። ሦስተኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ምን ዓይነት ቤት እንደምንፈልግ በወረቀት ላይ ይቀመጥ። ያንን እኔ በነፃ እሠራዋለሁ። ፈቃድ ያለው አርክቴክት አይደለሁም፤ ሕጋዊውን ንድፍ ባለሙያ ይሠራዋል። እኔ የምሠራው የምንነጋገርበትን ሥዕል ነው። ለአረጋውያን ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ ጢሱን የሚያወጣ ወጥ ቤት፣ ለለቅሶ ሰዓት የማይቆጠርበት ክፍል፣ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ጥግ፣ ያ ልጅ ደግሞ የሁላችንን እጅ የሚያይበት ብርሃን ያለው አዳራሽ።

ያልከፈልኩትን የሁለት ዓመት መዋጮ ዛሬ ጠዋት ለገንዘብ ያዣችን አስረክቤአለሁ። ደረሰኙ በኪሴ ነው።

ያችን ሴትዮ ዳግም አላገኘኋቸውም። ብናገኛቸው ቤታችን ሲመረቅ እንጠራቸዋለን። ያን ቀን በእጃችን ሰላም ብለን እንድንቀበላቸው ከአሁኑ እንለማመድ።

 ለ20ኛው ዓመት በዓል በራሳችን ቤት ያድርሰን።